የማታ ጨዋታና የቴሌቪዥን ትርዒት በቆቦ

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚኼደው መንገድ ወደ ራያ ቆላ ወርዶ ቆቦ ሲደርስ፥ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በግራና በቀኝም የማሽላ እርሻ ይታያል። ባለፈው መኸር በዚያች ከተማ በእንግድነት ባደርንበት ቤት የተመለከትነውን ነገር፥ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ኹሉ እንዲያስብበት ብለን ልንጽፈው ወደድን።

እራት ተነሥቶ ቡናው ሲፈላ፥ እመቤቲቱም ዕጣን ሲያጤሱ፥ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። በልጅነታቸው በማሽላ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ወፍ ሲጠብቁ ያደጉት የቤቱ አያት፥ የጅብና የዝንጀሮን ተረት ዠምረው ነበር፤ ነገር ግን ከመስኮቱ የወጣው ሣቅ ቃላቸውን ስለ ዋጠው ዝም አሉ። የሚታየውም ሦስት ጐልማሶች በሶፋ ተቀምጠው ርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ፥ በየጥቂቱም የሳሙናና የዘይት ማስታወቂያ ሲያቋርጣቸው ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ከተመለከትን በኋላ የተነገረውን ለማስታወስ ብንሞክር፥ ከሳሙናው ስም በቀር አንዳች አልቀረልንም። ቀጥሎ የቱርክ ተከታታይ ድራማ መጣ። የሰባት ዓመቷ ልጅ በድራማው ያሉትን ሰዎች አንድ ባንድ በስማቸው ጠራችልን፤ አያቷ የተወለዱበትን ቀበሌ ብንጠይቃት ግን ወደ እናቷ ተመለከተች።

ቴሌቪዥን ባገራችን የተዠመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ያገኘውም ኢሠፓ በተመሠረተበት ወራት፥ በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያለፈውን ኹሉ ለማሞገስ አንሻም፤ የስብሰባና የዕቅድ አፈጻጸም ወሬ ስንቱን ቤት በጊዜ እንዳስተኛ ዕድሜው የደረሰ ያስታውሳል፤ እኛም ከተኙት ወገን ነበርን። ይኹን እንጂ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ልጆችን በዙሪያቸው ሰብስበው ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ፥ ብዙ ወጪ ሳያስፈልግ ያንድ ሽማግሌ አንደበት ስንቱን ሕፃን ሰብስቦ እንደሚያስቀምጥ አሳይተዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ባለ ትዳር የኾኑ ሰዎች እንደ ገዛ አያታቸው አዘኑላቸው። ኋላም «ገመና»ና «ሰው ለሰው» የሚታዩበትን ምሽት ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ኢ.ቢ.ኤስ. ያሉ የግል ጣቢያዎች በሳተላይት መጡ፤ በየጣራውም ሳሕን ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ አገር ድራማን በአማርኛ እያሰማ ሲዠምር፥ ያገራችን የጥበብ ሰዎች «እንጀራችንን ይዘጋል» ብለው ተቃወሙ። እኛ ነቀፋውን በትርጉሙ ላይ አናደርግም፤ ድምፃቸውን የሚሰጡት ልጆች አማርኛ ብዙ ጊዜ የጠራ ነው። ነገሩ ያለው በሒሳቡ ላይ ነው። ድራማ ለመሥራት ደራሲ፥ ተዋናይ፥ የቀረጻ ስፍራና ብዙ ወራት ያስፈልጋል፤ የተሠራውን ገዝቶ ድምፅ መለወጥ ግን ይረክሳል፤ ሦስት ሰው በሶፋ አስቀምጦ ማሳቅ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። ብዙ አዘጋጆች የአየር ሰዓት በገንዘብ የሚከራዩ ስለ ኾኑ፥ ኪራዩን ለመክፈል አስቀድመው የሚፈልጉት ማስታወቂያ የሚሰጥ ነጋዴን ነው፤ ደራሲው ከተረፈ ይታሰባል። ጣቢያው ሲበዛ ያው ማስታወቂያ ለብዙ ስለሚከፋፈል የያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ዝግጅቱም እንደዚያው ይሳሳል።

የራያ ሰው በዚያ መስኮት ራሱን የሚያየው መቼ ነው? በነሐሴ ልጃገረዶች ሶለል ሲጨፍሩ፥ አለዚያም ድርቅ ወይም ጦርነት ሲመጣ ነው። ደም የተቃባን ወገን የሚያስታርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች ሸንጎ፥ አንዱ ሲቈጣ ሌላው ሲያለዝብ፥ የሟች ወንድም ዝም ብሎ ሲሰማ፥ ከየትኛው የባሕር ማዶ ድራማ ያንሳል?

እመቤቲቱ እንደ ነገሩን፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ በገባ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ሳለ አያትየው ሌሊት ሌሊት ልጆቹን በተረት ያጽናኑ ነበር። «ያ ጨለማ እንዲመለስ አልመኝም፤ ተረቱ ግን ከጨለማው ጋራ መኼድ አልነበረበትም» አሉን።

በማግሥቱም ባልና ሚስት ተማክረው፥ ከአቦል እስከ በረካ ቴሌቪዥኑ እንዳይከፈት ወሰኑ። አያትየውም ተረታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ልጅቱ «ጅቡስ ምን አለ አባባ?» እያለች ተጠጋቻቸው፤ ታላቅ ወንድሟ ግን ድራማው የሚዠምረው በሦስት ሰዓት ነበርና በየጊዜው ወደ ግድግዳው ሰዓት ይመለከት ነበር።