ቱርካና ለኑሮ ትመቻለች ወይ? አንድ ካውንቲ በምን ይመዘናል?

እኛ የዝግጅት ክፍሉ አባላት እንደናንተው ጄሪካን እየተሸከምን፣ እንደናንተው ራሽን እየጠበቅን አለን።

ሰሞኑን ከመካከላችን ሁለታችን አንዲት የማኅበረሰባችን እናት ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ እትዬ ድንገት እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ሰለቸኝ። ራሽኑ ወር አያደርስ፣ ዱቤው በየቀኑ ይጨምራል። ያለችኝን ዕቃ ሽጬ ልጆቹን ይዤ ናይሮቢ ልግባ መሰለኝ። እዚያ ቢያንስ ሥራ አለ ይላሉ።»

አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ አባት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «ኪራዩን ማን ሊከፍልልሽ ነው?» አሏቸው። እትዬም ቀበል አድርገው «እዚህስ በምን ልንኖር ነው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

እኛም ከዚያ ወጥተን ስንሄድ ይህ ጥያቄ የእትዬ ብቻ እንዳልሆነ ተነጋገርን። በየብሎኩ «የት ይሻላል?» የማይል ቤተሰብ የለም። ካኩማ ወይስ ካሎቤዬ? ቱርካና ወይስ ናይሮቢ? ታዲያ ብዙዎቻችን የምንወስነው በወሬ ነው። አንዱ ደውሎ «እዚህ ደህና ነው» ስላለ ብቻ ዕቃ የሚሸጥ አለ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብን፣ በዚህ እትም አንድ ካውንቲ ለነዋሪው በዋጋም በኑሮም የሚመች መሆኑ በምን እንደሚመዘን አብረን እንይ ብለናል። ዓመታቱን የጻፍነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ካውንቲው ምንድን ነው?

ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በ47 ካውንቲዎች ተከፍላለች። የካውንቲ መንግሥታቱ ሥራ የጀመሩት ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ነው። እኛ ያለንባት ቱርካና በስፋቷ ከሀገሪቱ ትልልቆቹ ካውንቲዎች አንዷ ስትሆን፣ በ2019 የሕዝብ ቆጠራ 926,976 ሰው ተቆጥሮባታል። ዋና ከተማዋ ሎድዋር ከካኩማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ካኩማ ካምፕ የተቋቋመው በ1992 ሲሆን፣ ካሎቤዬ ደግሞ በ2016 ተከፈተ። ሁለቱ አንድ ላይ በ2025 ወደ 300,000 ሰው ይዘዋል። እንግዲህ እኛ ትንሽ ጥግ ላይ የተቀመጥን እንግዶች ብቻ አይደለንም፤ የካውንቲው ገበያም ኑሮም አካል ሆነናል ማለት ነው።

ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «ርካሽ ሀገር» ሲል ዋጋው ዝቅ ያለበትን ቦታ ማለቱ ነው። ነገር ግን ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግረንም። መታየት ያለበት ከገቢያችን ላይ የግድ የሚወጣው ወጪ ተቀንሶ በእጃችን የሚቀረው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለሂሳቡ ማሳያ ብለን ያመጣናቸው ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። እንበል አንዱ ወንድማችን ካምፕ ውስጥ በኢንሴንቲቭ ሥራ በወር 9,000 ሺሊንግ ያገኛል። ኪራይ የለበትም፣ ውሃ ከቧንቧ ይቀዳል፣ ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው። ለማገዶና ለመብራት 1,500 ቢያወጣ 7,500 ይቀረዋል። ሌላው ወንድማችን ናይሮቢ 18,000 ያገኛል እንበል። ለኪራይ 6,000፣ ለውሃና ለመብራት 1,500፣ ለማታቱ 3,000 ቢያወጣ የሚቀረው 7,500 ነው። ደመወዙ እጥፍ ነበር፤ የቀረው ግን እኩል ሆነ!

ይህ ማለት ግን ካምፕ ይሻላል ማለት አይደለም። ምክንያቱም ያ 7,500 ሺሊንግ የሚገዛው ዕቃ በሁለቱ ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ እኛ ገበያ የሚመጣው ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች በአብዛኛው በኪታሌ በኩል ተጭኖ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አቋርጦ ነው። የመኪናው ነዳጅ፣ የጫኝና አውራጁ፣ በሙቀት የተበላሸው ሁሉ በእያንዳንዷ ቲማቲም ላይ ተደምሮ ይመጣል። ዝናብ ዘንቦ የደረቁ ወንዞች ሲሞሉና መንገድ ሲቆረጥ ደግሞ ዋጋው በአንድ ቀን ይዘላል።

የመንግሥት አኃዝም ይህን ያሳያል። የኬንያ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2015 እና 2016 ባካሄደው የቤተሰብ ወጪ ጥናት ቱርካና ውስጥ ከመቶ ሰው 79.4 ከድህነት ወለል በታች ነበር። የሀገሪቱ አማካይ 36.1 ሲሆን የናይሮቢ 16.7 ብቻ ነው። ኪራይ ውድ የሆነባት ናይሮቢ በድህነት ዝቅ ብላ፣ መሬት የሞላባት ቱርካና ከፍ ያለችው ለምንድን ነው? ሰው ሥራና ገበያ ከሌለው ባዶ ሜዳ አያበላውም።

ሳህኑ ላይ የሚቀርበው

የኑሮ ሚዛን የመጀመሪያው ሳህን ነው። አንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ በእርዳታ ሥራ ይታሰባል። በ2025 አጋማሽ ግን የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ራሽኑን ወደ 28 በመቶ አውርዶ የጥሬ ገንዘቡንም እርዳታ አቋርጦ ነበር። ብናሰላው በቀን 590 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዚያው ዓመት ኦገስት ጀምሮ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ በችግሩ መጠን በምድብ ተከፍሎ፣ አንዱ የሚያገኘውን ሌላው የማያገኝበት አሠራር መጣ። በየመስመሩ የሰማነውን ምሬት እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ሁላችንም ነበርንበት።

ጉድለቱ የተሞላው በዱቤ ነው። እዚህ ላይ እርስ በርሳችን በግልጽ መነጋገር አለብን። ከማኅበረሰባችን ባለሱቁም ተበዳሪውም አለ። ባለሱቁ ዱቤ ባይሰጥ ኖሮ ብዙ ልጅ ሳይበላ ያድር ነበር፤ ይህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የቤተሰቡን ካርድ ከነሚስጥር ቁጥሩ መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ካርዱ ሱቅ ከገባ ቤተሰቡ ርካሽ ወዳለበት ሄዶ መግዛት አይችልም፤ በተባለው ዋጋ ይወስዳል። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይባል የለ? ስለዚህ ዱቤ ካልቀረ በደብተር ይጻፍ፣ ዋጋው በዕለቱ ይነገር፣ ካርዱ ግን ከእናት እጅ አይውጣ እንላለን።

ውሃ፣ ቤትና ሙቀት

የስደተኞች ኮሚሽን መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ስድስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ያስፈልገዋል ማለት ነው። እስቲ ቤታችሁ ስንት ይገባል? ስንት ሰዓትስ ተሰልፋችሁ? የሰልፉ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከሴት ልጆች የጥናት ጊዜ ላይ ነው። ውሃው በገንዘብ ነፃ ቢሆንም በልጅቷ ትምህርት ተከፍሎበታል።

የቱርካና ውሃ የሚያስጎመጅ ወሬም ተወርቶበታል። በ2013 በሎቲኪፒ ሜዳ ሥር ትልቅ የከርሰ ምድር ውሃ ተገኘ ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ከወሬው ይልቅ ቧንቧውን መጠበቅ ይሻላል። በሌላ በኩል ታራች ወንዝ ሲሞላ ቤት ይዞ እንደሚሄድ የምናውቅ እናውቃለን። ቦታ የምትመርጡ ከሆነ በደረቅ ወራት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ «በዝናብ ጊዜ ውሃው እስከየት ይደርሳል?» ብላችሁ የቆየ ጎረቤት ጠይቁ።

ማንን ምን እንጠይቅ?

ብዙዎቻችን ቅሬታ ሲኖረን ሁሉንም ወደ አንድ ቢሮ እንወስዳለን። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ክሊኒኮችና የካውንቲ ሆስፒታሎች፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የውሃ አገልግሎት፣ የካውንቲ መንገድ፣ ገበያና የንግድ ፈቃድ የካውንቲው ሥራ ናቸው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ፖሊስና የስደተኞች ጉዳይ ደግሞ የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ካምፕ ውስጥ ብዙውን አገልግሎት እስካሁን የያዙት ድርጅቶች ናቸው። ሆኖም ሱቅ ያለው ሰው በየዓመቱ ለካውንቲው የንግድ ፈቃድ ይከፍላል። የከፈለ ሰው ደግሞ የገበያው ቆሻሻ ለምን አልተነሳም ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

በጤና በኩል ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የቀድሞው የሕክምና መድን ቀርቶ ሻ በሚል አጭር ስም የሚጠራው አዲሱ መድን ተተክቷል። ስደተኛም መመዝገብ ይችላል። መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ክፍያው ከገቢው 2.75 በመቶ ሆኖ ዝቅተኛው በወር 300 ሺሊንግ ነው፤ የሚከፈለውም የዓመቱ ባንድ ላይ ነው። 3,600 ሺሊንግ ባንድ ጊዜ ማውጣት ይከብዳል። እቁብ ያላችሁ ግን አንዱን ዙር ለዚህ ብታስቡበት መልካም ነው።

መንቀሳቀስና ሥራ

አንድ ቦታ ለኑሮ የሚመች የሚሆነው ሰው ወጥቶ መግባት ሲችልም ነው። የኬንያ የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ ውሏል። በማርች 2025 ደግሞ ካምፖቹን ቀስ በቀስ ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው ወደሚኖሩባቸው ከተሞች ለመለወጥ የታቀደው የሺሪካ ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ተስፋ ነው፤ ወረቀት ግን ገና ዳቦ አልሆነም። አሁንም ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው ሊታሰር ይችላል። በ2014 በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር በተደረገው አፈሳ ስንት ሰው ተይዞ እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ስለዚህ የናይሮቢን ሂሳብ ስትሠሩ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ሥጋቱንም ደምሩ።

ጎረቤቶቻችን

የቱርካና ሕዝብ ከላይ በጠቀስነው ድህነት ውስጥ እያለ ነው መሬቱን ያካፈለን። ለካሎቤዬ ብቻ 1,500 ሄክታር ያህል ሰጥቷል። እንጨትና ከሰል ተሸክማ ወደ ቤታችን የምትመጣው የቱርካና እናት የኛ ራሽን ሲቀንስ የእሷም ገበያ ይቀዘቅዛል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን አባባል እዚህ ካልተጠቀምንበት የት ልንጠቀምበት ነው? በዋጋ ስንከራከር ክብሯን አንንካ፤ ሰላም ከሌለ ርካሹም ነገር ውድ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንመዝን?

ደብተር ያዙና ለአንድ ወር እነዚህን ጻፉ፦

1. በወር የገባው ገንዘብ ስንት ነው? ከዚያስ ስንቱ የተረጋገጠ ነው?
2. ከግድ ወጪ በኋላ ምን ቀረ? ዱቤው ካለፈው ወር ጨመረ ወይስ ቀነሰ?
3. ቤተሰቡ በቀን ስንት ጊዜ በላ?
4. ስንት ጄሪካን ውሃ ገባ? ማን ቀዳው?
5. ልጆቹ ስንት ቀን ከትምህርት ቀሩ? ለምን?
6. ሰው በሌሊት ቢታመም የት፣ በምን ይደርሳል?
7. ችግር ሲመጣ በሩን የምናንኳኳው ጎረቤት አለ?

ከዚያ ልትሄዱበት ባሰባችሁት ቦታ ያለ የምታምኑትን ሰው እነዚሁኑ ሰባት ጥያቄዎች ጠይቁ። «ደህና ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ቁጥሩን ንገረኝ በሉት።

የኛ ሐሳብ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ቱርካና ርካሽ ካውንቲ አይደለችም። ኪራይ አለመኖሩ የሚያስቀርልንን የመኪና ጭነት፣ ሙቀትና የሥራ እጦት መልሰው ይወስዱታል። ነገር ግን ልጆቹ ትምህርት ላይ ላሉ፣ ሕክምና ለሚከታተል፣ ደጋፊ ጎረቤት ላለው ቤተሰብ ያለ ፈቃድና ያለ ተረጋገጠ ሥራ ወደ ትልቅ ከተማ መግባት ከዚህ የባሰ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው የየቤተሰቡ ነው።

እትዬን ደግመን አግኝተናቸው ነበር። ደብተሩን ለልጃቸው ሰጥተው እሷ ትጽፋለች። «ውሃ ላይ አራት ጄሪካን ብቻ ነው የምንቀዳው፤ ለካ ለዚህ ነው ልብስ የማይታጠበው!» ብለው ሳቁ። ስለ ናይሮቢው ስንጠይቃቸው ደግሞ «ዕቃዬን አልሸጥኩም። ልጆቹ ተርሙን ይጨርሱ፣ ከዚያ ደብተሩን ይዘን እንነጋገራለን» አሉን።

እናንተም የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ በሉ። ስም ሳንጠቅስ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን፣ ቸር ያሰማን።

የዝግጅት ክፍሉ