ለጤና ትምህርት የሚዘጋጁ ልጆቻችን

በየአጥቢያችሁ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ሐኪም ለመሆን የሚመኙ ልጆች ብዙ ናቸው። ይህን በዩኒቨርሲቲ ለመማር በቅድሚያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ባዮሎጂ የሚወዱ ልጆች ብዙ ጊዜ ሒሳብንና ፊዚክስን ቸል ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ውጤቱ በድምር ይታያልና። ኬሚስትሪም የ12ኛን መጽሐፍ ብቻ በማንበብ አይያዝም፤ የሞል ስሌት በታችኛው ክፍል ያልገባው ተማሪ እዚያው ይደናቀፋል። የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፣ የተሳሳቱበትንም ወደ መጽሐፉ ተመልሶ መፈለግ ይበጃል። መልስ መሸምደድ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ምእመናን ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ማታ ማታ አንድ ክፍልና መብራት መፍቀድ ትልቅ እርዳታ ነው። ሴቶች ልጆች ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው እስኪጨርሱ ይመሻል፤ በእነዚህ ወራት ሥራውን ወንድሞቻቸው ይካፈሉ። በክሊኒክ የምትሠሩ ባልደረቦችም በሳምንት አንድ ምሽት አስጠኑአቸው። ፈተናው ከቤት ርቆ የሚሰጥ ከሆነ የመሳፈሪያው ገንዘብ ከወዲሁ ይታሰብበት።