የውኃ ዳር አእዋፍን በስማቸው ማወቅ

ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡን ሲገሥጽ፣ የመምጫዋን ጊዜ የምታውቀውን ሽመላ ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል። እንግዲህ አእዋፍን አስተውሎ መመልከት ለክርስቲያን ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአካባቢያችን የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ እንደ ትልቁ አቃቂ ሁሉ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይጠራቀማል። በ1996 እ.ኤ.አ. ለአእዋፍ መኖሪያነት እጅግ አስፈላጊ ተብለው ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ይኸው የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ነው።

ልጆቹን ይዞ በውኃው ዳር የሚውል ቤተሰብ አስቀድሞ የአእዋፉን አበራረር ይመልከት። አንገቱን አጥፎ የሚበረው ሳቢሳ ነው፤ ወደ ፊት ዘርግቶ የሚበረው ሽመላ ወይም ጋጋኖ ነው። ጋጋኖ መልኩ ጠቆር ያለ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለለት ነው። ረጅምና ቆልማማ መንቁሩን በሣር ውስጥ እየሰካ ትል ይለቅማል፤ ጩኸቱንም ማለዳ ከጣራችን በላይ እንሰማዋለን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለበት ዝይም የደጋችን ብቻ ሀብት ነው፤ ሲራመድ አንገቱን ወደ ጀርባው ስለሚያስጠጋ ከሩቅ ይለያል። ቀይ መንቁርና ቀይ እግር ያለው ነጩ ሽመላ ግን የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ እንግዳ ነው።

ለዚህ ሥራ ማለዳ ይመረጣል። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ በዝግታ መቆም፣ ድምፅን መቀነስ፣ ጎጆ አለመንካት ይገባል። ልጆችም ያዩትን ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ፤ ነገር ግን ውኃው ንጹሕ ስላይደለ እጃቸውን አይንከሩበት።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከፋብሪካና ከየቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ወንዙን አበላሽቶታል፤ በላፍቶ የጣልነው ወፎቹ ወደሚመገቡበት ረግረግ ይወርዳል። በዚሁ ወንዝ አትክልት ስለሚለማ ጉዳቱ ወደ ገበታችን ይመለሳል። ስሙን የማናውቀው ወፍ ቢጠፋ መጥፋቱን አናስተውልም፤ ጋጋኖን በስሙ የሚያውቅ ልጅ ግን ድምፁ ሲቀር “ወዴት ሄደ?” ብሎ ይጠይቃል።

እግዚአብሔር የሰማይን ወፎች ወደ አዳም ያመጣቸው ስም ያወጣላቸው ዘንድ ነበር። ስም የሰጠ ደግሞ ሊጠብቅ ይገባዋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የወፎቹን ስም ለልጆቻችን እናስተምር፤ ከደጃችንም ጥራጊ ወደ ወንዙ አይውረድ።