የከተማና ክልል ፕላን ትምህርት

የከተማና ክልል ፕላን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከተማን ከዙሪያው ገጠር ጋር አያይዞ ያጠናል። ትምህርቱን በኢትዮጵያ ከሚሰጡ ተቋማት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ተማሪው ስለ መሬት አጠቃቀም፣ መንገድ፣ መኖሪያ ቤትና ሕግ ይማራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለምሳሌ መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ ይደነግጋል።

የእንፍራንዝ ከተማ ለሙያው ጥሩ ማሳያ ናት። የባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ በአቅራቢያዋ ኮረብታ ላይ ደግሞ አፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከባድ መኪናና እግረኛ እንዴት ይለዩ? ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርደው ጎርፍ በየት ይለፍ? ግንባታ ከቅርሱ ምን ያህል ይራቅ? ፕላን አውጪው እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ካርታ ላይ ያስታርቃል።