ድንበር የተሻገረ ሕመምተኛ

ሄሉ በኬንያዋ ሞያሌ ያለች ሰፈር ናት። የኢትዮጵያዋ ሞያሌ በእግር የሚደረስባት ጎረቤት በመሆኗ ብዙ ሰው እዚህም እዚያም ዘመድ አለው። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፤ መንግሥት “በተሳሳተ መረጃ” የተፈጸመ ነው አለ። በቀናት ውስጥ 10 ሺህ ገደማ ሰው ወደ ኬንያ ተሻግሮ በሶሎሎ፣ በሶማሬና በደምበላ ፈጫና ሰፈረ።

እነዚህ ሰዎች ለመታከም ምን መብት ነበራቸው? የ1969ኙ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ሕዝባዊ ሁከት ሸሽቶ የወጣን ሰው በስደተኛነት ያውቃል፤ ስለ ሕክምና ግን ራሱን ችሎ የሚለው የለም። ጠንካራው መሠረት የኬንያ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ነው፤ ድንገተኛ ሕክምና ለማንም እንዳይከለከል ያዛል። “ለዜጋ” አላለም። ለቆሰለና ምጥ ለያዛት ይህ ይበቃል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ይወሰዳል፤ የኤች አይ ቪና የስኳር ሕመምተኛም መድኃኒቱን አቋርጦ ጸጥታው እስኪመለስ መጠበቅ አይችልም። የሕክምና ካርዱም ራሱ ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር “2010” ተብሎ የተሞላን የሕፃን ክትባት ካርድ ነገሩን የማያውቅ ነርስ ቢያነበው፣ የጡት ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ ይሆንበታል።

በንጽጽር፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን የጊዜያዊ ጥበቃ መመሪያ በሥራ ላይ ያዋለው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ለዩክሬናውያን ነው። እሱም ቢሆን በትንሹ የሚያስገድደው ድንገተኛና አስፈላጊ ሕክምናን ብቻ ነው። ሆኖም የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ አብሮ ይሰጣል፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው ቢያንስ መድኃኒቱን መግዛት አያቅተውም። የኬንያ ሥርዓት ግን ስደተኛውን በአብዛኛው ወደ ዳዳብና ካኩማ መጠለያዎች የሚመራ ነው፤ ሁለቱም ከሞያሌ ሩቅ ናቸው።

መሻገሩ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ2013 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በኬንያዋ ሞያሌ ግጭት ሲነሳ ሺዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተዋል። ዛሬ የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ጥገኝነት ጠያቂም በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። “ያለውን” የሚለው ቃል ግን ጠረፍ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል።

ኬንያ ውስጥ ደግሞ ሒሳቡ ለሁለት ተከፍሏል። ስደተኛን መዝግቦ መታወቂያ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሞያሌን ሆስፒታል የሚያስተዳድረው የማርሳቢት ካውንቲ ነው። የረድኤት ድርጅቶች ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ የቀረው ሕመምተኛ ወጪ በካውንቲው በጀት ላይ ይወድቃል።