ወረቀቱ የገዢው ነው፤ ሥዕሉስ?

ለዘመድ ጥየቃ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በሄድኩበት ጊዜ የእህቴ ልጅ ባልቲሞር ኮሚክ ኮን ወደሚባለው ዝግጅት ይዞኝ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍት አፍቃሪዎች በየዓመቱ የሚሰባሰቡበት ገበያም በዓልም ነው። እኔን የሳበኝ የጀግኖችን ልብስ የለበሰው ሕዝብ ሳይሆን ከጠረጴዛ ኋላ አቀርቅረው የሚስሉት ሰዎች ናቸው። ቦታቸውን አርቲስት አሊ ይሉታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰብሳቢው ባዶ የሥዕል ደብተር ይዞ በጠዋት ይሰለፋል። ሠዓሊው በቀን የሚደርስለት ጥቂት ሥዕል ብቻ በመሆኑ ስም ይመዘግባል፤ መዝገቡ ከሞላ የዘገየው ባዶ እጁን ይመለሳል። ፊት ብቻ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ ሙሉ ቁመና በቀለም ከሆነ ይወደዳል። በነፃ የሚስሉም አሉ። አንዳንዱ ሰብሳቢ ደብተሩን በሙሉ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ይሰጣል፦ ባትማን ብቻ፣ በየገጹ በሌላ ሠዓሊ እጅ።

የእህቴ ልጅ ለሰዓታት ጠብቆ ስፓይደርማንን አሣለ። ስንወጣ ግን፣ «ጋሼ፣ ይህን ቲሸርት ላይ አሳትሜ ብሸጠውስ?» አለኝ። ከፍሎበታል፤ ስለዚህ የራሱ ነው ባይ ነው። ሕግ የተማረ አጎት ያለው ሰው ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል።

በአሜሪካ የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ ክፍል 202፣ የዕቃው ባለቤትነትና የቅጂ መብቱ ባለቤትነት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ገዢው ወረቀቱን ሊሰቅለው፣ ሊያወርሰው፣ መልሶም ሊሸጠው ይችላል። ማባዛት ግን መብቱ አይደለም። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ስፓይደርማን የሠዓሊውም አለመሆኑ ነው፤ ባለመብቱ ማርቭል ነው። በጥብቅ ከታየ ሠዓሊውም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ኩባንያዎቹ ግን በአብዛኛው አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ይህ ዝምታ የሕግ ዋስትና እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 ታይቷል። ጎስት ራይደር የተባለውን ገጸ ባሕርይ ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ደራሲ ጌሪ ፍሬድሪክ፣ «መብቱ የእኔ ነው» ብሎ ማርቭልን ከስሶ ነበር። ኩባንያው በመልሶ ክስ ደራሲው በገጸ ባሕርዩ ስም የሸጣቸውን ዕቃዎች አነሳበትና 17 ሺሕ ዶላር እንዲከፍል ሆነ። ሠዓልያኑ ደነገጡ፤ የማርቭል ኃላፊዎችም በዝግጅቶች ላይ የሚስሉትን የማሳደድ ሐሳብ እንደሌላቸው ተናገሩ። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ክርክሩም በስምምነት ተዘጋ።

ሕጉ ይህን ይላል። ሕግ የማይደርስበት ይሉኝታ የሚባል ነገርም አለ። በነፃ የተሣለለትን በማግስቱ በኢንተርኔት በውድ የሚሸጥ ሰው ሕግ አልጣሰ ይሆናል፤ የሠዓሊውን እምነት ግን አጉድሏል። ብዙ ሠዓልያን ከፊርማቸው በላይ የተቀባዩን ስም የሚጽፉት ለዚህ ነው፤ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ሥዕል ገበያ ብዙም አይወደውም።

የእህቴ ልጅ ሥዕል ላይም ስሙ አለ። ቲሸርቱን ትቶ በመስተዋት አስገብቶ ሰቅሎታል። በእኔ እምነት ያቺ አንዲት የስም መስመር በሁለቱ መካከል የተጻፈች ውል ናት። ሊከበርላት ይገባል።