ቆጥ ያላወቀ ጫጩት

ዓለም ጤና ከተማ ላይ የ45 ቀን የፈረንጅ ጫጩት ከሚገዙ እናቶች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «ልጄ፣ ይሄ ዶሮ ጅል ነው፤ ጭልፊት ሲመጣበት ቆሞ ያያል።» እንደ ዶሮ እርባታ ባለሙያ ጥፋቱን በዘሩ ላይ ብቻ መጣል ይከብደኛል። ጫጩቱ የሚማርበትን ዕድሜ ያለ እናት፣ ሳጥን ውስጥ ጨርሶ ነው የመጣው።

ነገሩ የሚጀምረው ገና እንቁላል ውስጥ ነው። ሊፈለፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጫጩቱ ግራ ዓይኑን ገላው ላይ አስደግፎ ቀኝ ዓይኑን ወደ ቅርፊቱ ያዞራል። የታቀፈችው ዶሮ ለመብላት ብድግ ስትል ቅርፊቱን አልፎ የሚገባው ብርሃን ቀኝ ዓይኑን ያገኘዋል፤ ይህም የአንጎሉ ሁለት ጎኖች ሥራ እንዲከፋፈሉ ይረዳል። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ሌስሊ ሮጀርስ ከጣሊያን ባልደረቦቿ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ብርሃን ያገኙት ጫጩቶች እህል ከጠጠር እየለዩ ሲለቅሙ ከላይ የሚያንዣብበውን የአዳኝ አምሳያም ይከታተሉ ነበር። በጨለማ የተፈለፈሉት ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ከበዳቸው። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በቆሎ ማሳ ዳር ለሚለቅም ጫጩት ይህ የመኖርና የመሞት ጉዳይ ነው።

የቀረውን እናቲቱ ታሳያለች። የሐበሻ ዶሮ ልጆቿን ይዛ ስትወጣ ልብ ብላችሁ እዩ። መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ ጥሬ ስታገኝ ቶሎ አትውጠውም፤ ታነሳዋለች፣ ትጥለዋለች፣ እየደጋገመች ትጠራለች። ጫጩቶቹ የነካችውን ይለቅማሉ። በሰማይ ጥላ ሲያልፍ ድምጿ ይለወጣል፤ ያኔ ክንፏ ሥር ይሸሸጋሉ። ይህችን ዶሮ ማቀፍ ለማስተው ላባ በአፍንጫዋ ሲሰኩባት፣ ዘቅዝቀው ሲሰቅሏት አንጀቴን ትበላዋለች። እንቁላል እንዲበዛ መፈለጋቸው ይገባኛል፤ ግን አንዷን ለጫጩት ቢተዉልኝ እወዳለሁ።

ቆጥ ላይ መውጣትም እንዲሁ በጫጩትነት የሚለመድ ነው። ስዊድን ውስጥ ጉናርሰንና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እስከ 8 ሳምንት ቆጥ ያላዩ ዶሮዎች ከፍ ብሎ የተቀመጠ ምግብ ጋ መድረስ አስቸግሯቸዋል፤ ከፍታው ሲጨምር ቆጥ ላይ ካደጉት ጋር ያላቸው ልዩነት ሰፋ። ተመራማሪዎቹ ይህን ከጉልበት ማነስ ይልቅ ከፍታንና ርቀትን ከማገናዘብ ችሎታ ጋር አያይዘውታል። የእኛ ጫጩት ደግሞ ከ8 ሳምንቱ አብዛኛውን ሳጥን ውስጥ አሳልፎ ነው ገበያ የሚወጣው።

አሳዳጊዎችን የምለምነው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ እንጨት እንዲያጋድሙላቸው፣ ላባ ሲያወጡም ፀሐይ ሞቅ ሲል ሽቦ የታጠረ ግቢ እንዲለቋቸው ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ያገኘ ሰው የፈንግል ክትባቱን ሳይረሳ፣ ሲመሽ ከታቀፈች ዶሮ ሥር ቀስ አድርጎ ያስገባቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሲነጋ የራሷ አድርጋ ይዛቸው ትወጣለች።